ወር አበባሽ ቀርቶ ለሆርሞን ምርመራ ደም ልትሰጪ ከሆነ ይሄን አንብበሽ ሂጂ

ደም እቀዳለሁ፤ ሥራዬ ነው። ጠዋት በር ስንከፍት ከሚሰለፉት መካከል እጅጌዋን እየሰበሰበች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ይሄ የማረጥ ምርመራ ነው እንዴ?» የምትለኝ ወጣት ሴት አትጠፋም። አንዷ 31 ዓመቷ ነው፣ ሌላዋ 36። የያዘችው ወረቀት ላይ «ሆርሞን» ብቻ ተብሎ ተጽፏል። ወር አበባዋ ከቀረ ስንት ጊዜ እንደሆነው፣ መርፌ ትወጋ እንደሆነ፣ የፀጉር ቫይታሚን ትውሰድ አትውሰድ ማንም አልጠየቃትም። ከሁለት ቀን በኋላ ቁጥር የሞላበት ወረቀት ይዛ ትወጣና ደረጃው ላይ ቆማ ስልኳ ላይ መፈለግ ትጀምራለች። አንዳንዷ እዚያው ታለቅሳለች። ካለቀሱት ብዙዎቹ በከንቱ ነው ያለቀሱት። እፎይ ብለው ከሄዱት ደግሞ ጥቂቶቹ እፎይ ማለት አልነበረባቸውም። እነዚህ ሁለቱ ናቸው እንቅልፍ የሚነሱኝ።

ሐኪም አይደለሁም፣ መድኃኒት አላዝልሽም። ግን ደሙ መቼ ቢሰጥ እንደሚሻል፣ የትኛው ቁጥር እውነት እንደሚናገር፣ የትኛው እንደሚያሳስት በየቀኑ አየዋለሁ።

ምኑን ነው የምንፈልገው?

ማረጥ በተለምዶ 50 ዓመት አካባቢ ይመጣል። ኦቫሪዎች፣ እንቁላል የሚያመነጩት ማለት ነው፣ ከ40 ዓመት በፊት ሥራቸውን ሲያቆሙ ወይም ሲያቆራርጡ ግን ሌላ ነገር ነው። ሰው ሁሉ «ያለ ዕድሜ ማረጥ» ይለዋል፤ እኔ ቃሉን አልወደውም። ማረጥ ያለቀ የደቀቀ ጉዳይ ነው። ይሄኛው ግን እንደ ሰፈራችን መብራት ይሄዳል፣ ሳይታሰብ ደግሞ ይመጣል። ችግሩ ካለባቸው ከ100 ሴቶች ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ያለ ምንም ሕክምና የሚያረግዙትም ለዚህ ነው። ለረጅም ጊዜ ከ100 ሴት አንዷን ያጋጥማል ሲባል ኖሯል፤ በፈረንጆቹ 2024 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ግን ወደ 3.5 ከፍ አድርጎታል። ማለትም ከምታስቢው በላይ ብዙ ናችሁ።

መቼ ልጠርጥር ካልሽ፦ 40 ሳይሞላሽ ወር አበባሽ አራት ወር ከቀረ፣ ወይም ለአራት ወር ያህል ከተዘበራረቀብሽ ምርመራ ይገባሻል። ድንገት ፊትና ደረት ላይ እንደ እሳት የሚወርር ሙቀት፣ ሌሊት አንሶላ የሚያርስ ላብ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ግንኙነት ላይ ድርቀትና ሕመም አብረው ሊመጡ ይችላሉ። ላይመጡም ይችላሉ። እኛ አገር ወር አበባ ሲቀር ምክንያት አናጣለትም፤ ጭንቀት ነው፣ ሁዳዴ ጾም ነው፣ አገር ቀይሬ ነው፣ ብርድ መትቶኝ ነው። ጸበሉም ይቀጥል፣ ማንም አይከለክልሽም። ግን ደሙንም ስጪ። ዓመት፣ ሁለት ዓመት ተቀምጠው የመጡ አሉ፤ ያ ጊዜ ሁሉ ከአጥንታቸው ላይ ነው የሚቆረጠው። ወደ አጥንቱ እመለስበታለሁ።

ከሁሉ በፊት ግን የእርግዝና ምርመራ። አትሳቂ። «እኔ እንኳን እርጉዝ አልሆንም» ብላ ለማረጥ ምርመራ መጥታ እርጉዝ ሆና የተገኘችው አንዷ ብቻ አይደለችም።

ወንበሩ ላይ ከመቀመጥሽ በፊት

ብዙው ስህተት የሚሠራው ማሽኑ ውስጥ ሳይሆን ከመርፌው በፊት ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

መጀመሪያ የእርግዝና መከላከያ። የሦስት ወር መርፌ ከተወጋሽ ወር አበባ መቅረቱ የመርፌው የታወቀ ፀባይ ነው። መርፌውን ካቆምሽ በኋላም ዑደትሽ እስኪመለስ ብዙ ወራት፣ አንዳንዴ አንድ ዓመት ሊወስድ ይችላል። ወደ ዓረብ አገር ከመሄዳቸው በፊት ተወግተው፣ እዚያም ደጋግመው፣ ሲመለሱ «ማሕፀኔ ደረቀ» ብለው የሚመጡ እህቶች አሉ፤ ሁሉም ኦቫሪያቸው ተጎድቶ አይደለም። የሚዋጠው እንክብል ደግሞ ሌላ ተንኮል አለው። ኤፍኤስኤች የሚባለውን ዋናውን ቁጥር ይጨቁነዋል፤ በየወሩ የሚያመጣው ደምም ከእንክብሉ እንጂ ከኦቫሪሽ አይደለም። እንክብል እየዋጥሽ የሰጠሽው ደም «ደህና ነሽ» ቢልሽ አትመኚው። ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት አቁሞ ነው የሚመረመረው፤ ማቆሙን ግን ከሐኪምሽ ጋር ተነጋገሪና በመሃል ሌላ መከላከያ ተጠቀሚ። ክንድ ውስጥ የሚቀበረውንም፣ ደጋግመሽ የወሰድሽውን የድንገተኛ መከላከያ እንክብልም ሳታፍሪ ተናገሪ። እኛ ጋ የሚነገር ነውር የለም።

ሁለተኛው የፀጉር ቫይታሚን ነው። ይሄን የሚያውቅ ሰው እንዴት ትንሽ እንደሆነ ይገርመኛል። ባዮቲን ይባላል። ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ አክስት በሻንጣ የምታመጣው፣ ለፀጉርና ለጥፍር የሚባለው ዕቃ ውስጥ በብዛት አለ። ሰውነት በቀን የሚያስፈልገው 30 ማይክሮግራም ገደማ ነው፤ አንዷ ፍሬ ግን 5,000 ወይም 10,000 ትይዛለች። አንዳንድ የሆርሞን ማሽኖች ባዮቲንን ራሱን ለመለኪያነት ስለሚጠቀሙበት፣ ደምሽ ውስጥ የተረፈው ገብቶ ያምታታቸዋል። ኤፍኤስኤችን ከእውነተኛው ዝቅ፣ ኦቫሪ የሚያመነጨውን ኢስትራዲዮል የተባለ ሆርሞን ደግሞ ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ልብ በይ፤ የተጎዳ ኦቫሪ የሚያሳየው ልክ የዚህን ተቃራኒ ነው። ስለዚህ የፀጉር ቫይታሚን የታመመችውን ሴት ጤነኛ አስመስሎ ወደ ቤት ሊልካት ይችላል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በፈረንጆቹ 2017 ስለ ባዮቲን ማስጠንቀቂያ ያወጣው ወዶ አይደለም። ከምርመራው ሁለት ሦስት ቀን በፊት አቁሚው፤ መጠኑ ትልቅ ከሆነ ከዚያም በላይ ጠብቂ። ለቀጂዋም ንገሪያት። ማን ያውቃል፣ ፀጉር የሚሳሳውም በዚሁ ሆርሞን ሊሆን ይችላል፤ ቫይታሚኑን የገዛሽበት ምክንያት ራሱ ምልክት ነበር ማለት ነው።

ሦስተኛው ቀን ቆጠራ። ወር አበባሽ አልፎ አልፎ የሚመጣ ከሆነ ደሙን ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ባለው ጊዜ ስጪ። 1ኛ ቀን የሚባለው በደንብ የፈሰሰበት ነው፤ ከዚያ በፊት ልብስ ላይ የታየው ጠብታ አይቆጠርም። ወር አበባው ጨርሶ ከቀረ ግን ቀን አትጠብቂ፣ ነገውኑ ነይ። እዚህ ላይ የኛ አገር ልዩ ጣጣ አለ፦ አንቺ «መስከረም 3 ነው የመጣብኝ» ትያለሽ፣ ማሽኑ ሴፕቴምበር 13 ብሎ ያትማል፣ ሐኪሙ ደግሞ ሁለቱን ሲያስታርቅ አንድ ሳምንት ያዛባል። ጳጉሜ ከገባበትማ ተወው። ሁለቱንም ቀን ወረቀቱ ጥግ ላይ በእስክሪብቶ ጻፊው። በዑደትሽ ስንተኛ ቀን ላይ እንደነበርሽ የማይናገር የሆርሞን ውጤት ግማሽ ውጤት ነው።

ባዶ ሆድ መሆን አያስፈልግም፤ ከስኳርና ከስብ ጋር አንድ ላይ ካልታዘዘ በቀር ቁርስሽን በልተሽ ነይ። ፕሮላክቲን፣ የጡት ወተት ሆርሞን፣ ካለበት ግን ከእንቅልፍ እንደተነሳሽ አትሩጪ። ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ፣ ትንሽ አረፍ ብለሽ ይሻላል። ፕሮላክቲን ድንጉጥ ነው፤ መርፌ ፈርተሽ ስትንቀጠቀጪ ከተቀዳም ይወጣል።

ኤፍኤስኤች፦ ዳኛው ይሄ ነው

ከአንጎል ሥር ያለች አንዲት ትንሽ እጢ ኦቫሪን በኤፍኤስኤች ትጣራለች። እናት ከሳሎን ሆና ጓዳ ያለችውን ልጅ እንደምትጠራት በይው። ልጅቷ «አቤት» ካለች እናት ድምፅዋን አታነሳም። ዝም ካለቻት ግን መጮህ ይመጣል። ኤፍኤስኤች ሲያሻቅብ የምንሰማው ያንን ጩኸት ነው።

በዑደቱ መጀመሪያ ቀናት ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 10 ዩኒት በሊትር ይሆናል። ዕድሜሽ ከ40 በታች ሆኖ፣ ወር አበባ ቢያንስ ለአራት ወር ቀርቶ ወይም ተዘበራርቆ፣ ኤፍኤስኤች ከ25 በላይ ከሆነ ያለ ዕድሜ የኦቫሪ መድከም ነው። ድሮ 40 ካላለፈ አይባልም ነበር፤ የቆየ መጽሐፍ የሚያነብ ባለሙያ «ገና ነሽ» ካለሽ ከዚያ ነው። ድሮ ደግሞ ቢያንስ አራት ሳምንት ተለያይቶ ሁለት ጊዜ መለካት ግዴታ ነበር። የ2024ቱ መመሪያ ምልክቱ ግልጽ ከሆነ አንዱ ይበቃል፣ የሚያጠራጥር ከሆነ ይደገም ይላል። እኔን ከጠየቅሽኝ ድገሚው። ዕድሜ ልክ የሚያስከትል ስም ከአንዲት ቱቦ ደም ላይ ባይለጠፍ ደስ ይለኛል፤ መብራቱ የሚሄድ የሚመጣ ነው ብዬሻለሁ፣ አንድ ወር 60 የነበረው በሌላው ወር 15 ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ግን ሁለተኛው ዝቅ ስላለ የመጀመሪያው ውሸት ነበር ማለት አይደለም።

አሁን ወረቀቱን በእጅሽ ያዢው። ከቁጥሩ ጎን «መደበኛ» የሚለው ቦታ ላይ አንድ ሳይሆን አራት መስመር ታያለሽ፦ የዑደቱ መጀመሪያ፣ መሃሉ፣ መጨረሻው፣ እና ካረጡ በኋላ። ማሽኑ አንቺ የቷ እንደሆንሽ አያውቅም። ስለዚህ የ32 ዓመት ሴት 62 አምጥታ ቁጥሩ ኮከብም ቀስትም ሳይደረግበት፣ በጥቁር ቀለም ጭጭ ብሎ ታትሞ ይወጣል። «ካረጡ በኋላ» የሚለው መስመር ውስጥ ይገባላ! አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ወረቀት ስድስት ወር ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ የዞረች ልጅ አይቻለሁ። ቀይ ነገር ስላላየች ደህና ነኝ ብላ ነበር። ምልክት የለውም ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም።

ተቃራኒውም አለ። በዑደት መሃል፣ እንቁላል ሊወጣ ሲል ኤፍኤስኤች ለአንድ ሁለት ቀን ከፍ ይላል። በዚያች ቀን ደም የሰጠች ጤነኛ ሴት ቁጥሯን አይታ ልቧ ሊቆም ይችላል። ኤልኤች የሚባለው ጎረቤቱ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው። እንቁላል ሊወጣ ሲል ኤልኤች ከኤፍኤስኤች በጣም ይበልጣል። ኦቫሪ ሲደክም ግን ብዙውን ጊዜ ኤፍኤስኤች ነው የሚበልጠው። ስለዚህ ኤፍኤስኤች ብቻውን ሲታዘዝ ደስ አይለኝም።

ከ10 እስከ 25 ያለው ግራጫ ነው። ክምችቱ እየሳሳ ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ቁጥር ስም አይወጣልሽም፣ ግን ከሦስት ወር በኋላ ይደገም በይ።

ኢስትራዲዮል፦ አጃቢው ምስክር

ኦቫሪ ሲደክም ኢስትራዲዮል ይወርዳል፤ ብዙ ጊዜ ከ50 ፒኮግራም በሚሊ ሊትር በታች ይገኛል። ከፍ ያለ ኤፍኤስኤች ከዝቅተኛ ኢስትራዲዮል ጋር ከመጣ ሁለት ምስክር አንድ ቃል ተናገረ ማለት ነው።

የሚያታልለው ሌላኛው ነው። በ3ኛው ቀን ኤፍኤስኤች 8፣ ኢስትራዲዮል 110። ላየው ሰው ኤፍኤስኤች የሚያምር ነው። ግን በዚያ ቀን ኢስትራዲዮል ከ80 በላይ መሆን የለበትም፤ አንዲት እንቁላል ቀድማ ማደግ ጀምራ ሆርሞኗን እየረጨች፣ የእናትየዋን አፍ ዘግታዋለች። እናትየዋ በሰላም ዝም ያለች መስሎሽ ነበር። ለዚህ ነው ሁለቱ ከአንድ ቀን፣ ከአንድ ቱቦ ደም መለካት ያለባቸው። በተለያየ ቀን የተለካ ኤፍኤስኤችና ኢስትራዲዮል እርስ በርስ አይመሳከሩም።

ኤኤምኤች፦ ውዱና የሚወራለት

ኤኤምኤች በኦቫሪ ውስጥ ካሉት ትንንሽ የእንቁላል ከረጢቶች ይመነጫል። ጎተራው ውስጥ የቀረውን እህል በግምት ይነግርሻል። ሴት ስትወለድ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊዮን እንቁላል ይዛ ትመጣለች፣ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ከ300,000 እስከ 400,000 ይቀራታል፣ ከዚያ ወዲያ መቀነስ እንጂ መጨመር የለም። ጥሩ ጎኑ የዑደት ቀን አይመርጥም፣ በማንኛውም ቀን ይቀዳል። መጥፎ ጎኑ ኪስ ይጎዳል፤ ብዙ ቦታ ናሙናው ወደ ሌላ ላብራቶሪ ስለሚላክ ቀኑም ይረዝማል።

እኔ የምጣላው ከአጠቃቀሙ ጋር ነው። ወር አበባዋ እንደ ሰዓት የሚመጣ የ29 ዓመት ልጅ፣ ጓደኛዋ ስላሠራች ብቻ ኤኤምኤች ታሠራለች፣ 0.9 ይወጣል፣ ከዚያ እጮኛዋን «ሰርጉን እናፋጥን» ትለዋለች። ተረጋጊ። ዝቅተኛ ኤኤምኤች ብቻውን ኦቫሪሽ ቆሟል አይልም፤ በተፈጥሮ ማርገዝ አትችይም ደግሞ ጭራሽ አይልም። በፈረንጆቹ 2017 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት የመካንነት ታሪክ የሌላቸውን፣ ከ30 እስከ 44 ዓመት የሆኑ 750 ያህል ሴቶች ተከታትሎ፣ ኤኤምኤቻቸው ዝቅ ያለው ከሌሎቹ ያነሰ እንዳላረገዙ አገኘ። ለመውለድ የሚያስፈልገው በወር አንድ እንቁላል ነው እንጂ ሙሉ ጎተራ አይደለም። ኤኤምኤች በደንብ የሚያገለግለው ከሰውነት ውጭ ለሚደረግ ጽንስ፣ ኦቫሪ ለመርፌው ምን ያህል መልስ ይሰጣል የሚለውን ለመገመት ነው። ወር አበባ ቀርቶ ኤፍኤስኤች ሲያጠራጥር ደግሞ ኤኤምኤች ማሽኑ ሊለካው እስከማይችል ከወረደ ክርክሩን ይዘጋዋል። ያኔ ገንዘቡ ይገባዋል። መነሻሽ ግን እሱ አይሁን።

ሌላ የሚያስለቅስ ነገር፦ መለኪያው። አንዱ ላብራቶሪ በናኖግራም በሚሊ ሊትር ይጽፋል፣ ሌላው በፒኮሞል በሊትር። 1 ናኖግራም በሚሊ ሊትር 7.14 ፒኮሞል በሊትር ነው። አቡዳቢ ያለችው እህትሽ 7 አምጥታ አንቺ አዲስ አበባ 1 ብታመጪ እኩል ልትሆኑ ትችላላችሁ፤ አንዷ ስትጨፍር አንዷ ታለቅሳለች። ኢስትራዲዮልም እንዲሁ ነው፣ 1 ፒኮግራም በሚሊ ሊትር 3.67 ፒኮሞል በሊትር ይሆናል። ኤፍኤስኤች ላይ ግን ጣጣ የለም፤ ሚሊ ዩኒት በሚሊ ሊትርም ተጻፈ ዩኒት በሊትር ቁጥሩ አንድ ነው። ለንጽጽር ስትደግሚ እዚያው ላብራቶሪ ድገሚ፣ ማሽን ከማሽን ይለያያል።

ኤፍኤስኤች ዝቅ ብሎ ወር አበባ ከቀረስ?

ይሄ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ወር አበባ ቀርቷል፣ ኤፍኤስኤች 2፣ ኢስትራዲዮልም ዝቅ። ልጅቷ ጓዳ ሆና ዝም አላለችም፣ እናቲቱ ናት መጥራት ያቆመችው። በጣም መክሳት፣ ከባድ ስፖርት፣ ጭንቀት እንዲህ ያደርጋሉ። እኛ አገር ግን አንድ ጥያቄ መጠየቅ አለበት፦ ስትወልጂ ብዙ ደም ፈሶሽ ነበር? ከወሊድ በኋላ ጡትሽ ወተት ሳይዝ ቀርቶ፣ ከዚያ ወዲህ ወር አበባ ጠፍቶ፣ ድካምና ብርድ ብርድ ማለት ከተጫነሽ፣ አንጎል ሥር ያለችው እጢ በደም እጥረት ተጎድታ ሊሆን ይችላል። ሺሃን ሲንድረም ይባላል። ይሄ ለሕይወት የሚያሰጋ ነው፤ የኮርቲዞልና የታይሮይድ ሆርሞንም አብሮ ስለሚወርድ በፍጥነት ሐኪም ይፈልጋል። ከኦቫሪ ጋር አምታተሽ አትቀመጪ።

ሁሉም ቁጥር ጤነኛ ሆኖ ደም ካልመጣ ደግሞ ችግሩ ማሕፀኑ ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ ከጠረጋ በኋላ የመጣ ጠባሳ፣ ወይም የማሕፀን ቲቢ። ሆርሞኑ መልእክቱን አድርሷል፣ ግድግዳው ነው የማይቀበለው።

ፕሮላክቲንና የታይሮይድን ሥራ የሚያሳየው ቲኤስኤች መጀመሪያውኑ አብረው ይታዘዙ። የታይሮይድ መዛባትም፣ የፕሮላክቲን መብዛትም ወር አበባ ያስቀራሉ፤ ሁለቱም በመድኃኒት ይስተካከላሉ። እያጠባሽ ከሆነ፣ ለማቅለሽለሽ ሜቶክሎፕራማይድ ወይም የአእምሮ መድኃኒት ከወሰድሽ ፕሮላክቲንሽ በዚያ ሊወጣ ስለሚችል ተናገሪ።

ከተረጋገጠ በኋላ የሚቀዳው ደም

ብዙ ሰው ኤፍኤስኤች ከፍ ካለ በኋላ «በቃ» ብሎ ይቆማል። እዚህ ነው የማይቆመው። «ለምን?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ መልስ አያገኝም፤ ግን ሊመለስ የሚችለው መመለስ አለበት።

የክሮሞሶም ምርመራ አንዱ ነው። አንዲት ኤክስ ክሮሞሶም የጎደለባት ወይም በከፊል የጎደለባት ሴት፣ ተርነር ሲንድረም ማለት ነው፣ መደበኛ ቁመት ኖሯት እስከ ሠላሳዎቹ ሳይታወቅላት ልትደርስ ትችላለች። ልብንም ስለሚነካ ማወቁ ይጠቅማል። ኤፍኤምአር1 የሚባለው ዘረመል ሁለተኛው ነው። እዚያ ዘረመል ላይ ያለ አንድ ድግግሞሽ ከ55 እስከ 200 ከደረሰባቸው ሴቶች ከአምስቱ አንዷ ያህል ኦቫሪዋ ያለ ጊዜው ይደክማል። እሱ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ወደ ልጅ ሲተላለፍ በተለይ ወንድ ልጅ ላይ የአእምሮ ዕድገት ችግር ሊያመጣ ስለሚችል፣ የአንቺ ውጤት የእህቶችሽም ጉዳይ ነው።

ሦስተኛው 21-ሃይድሮክሲሌዝ በሚባለው ኢንዛይም ላይ የሚነሳ ፀረ እንግዳ አካል ነው። ሰውነት የራሱን ኦቫሪ ሲያጠቃ ከኩላሊት በላይ ያለውን እጢም ሊያጠቃ ይችላል። ድድና የመዳፍ መስመር መጥቆር፣ ስትነሺ መዞር፣ ጨው ጨው ማሰኘት ካለሽ ለሐኪሙ ቶሎ ንገሪ። እነዚህ ምርመራዎች ሁሉም ቦታ የሉም፣ ርካሽም አይደሉም። ገንዘብ ካጠረሽ ሐኪምሽን «የቱ ይቅደም?» በይው እንጂ ሁሉንም አትተይ።

የኬሞቴራፒ ወይም የሆድ ጨረር ታሪክ፣ የኦቫሪ ቀዶ ሕክምና ካለሽ ምክንያቱ እዚያው ሊሆን ይችላል። ካንሰር ተገኝቶብሽ ሕክምና ገና ካልጀመርሽ ደግሞ ዛሬውኑ «ኦቫሪዬስ?» ብለሽ ጠይቂ። መድኃኒቱ ከገባ በኋላ ጥያቄው ረፍዷል።

ታዲያ ምን ይደረጋል?

ኦቫሪን ወደ ነበረበት የሚመልስ የተረጋገጠ ምግብ፣ ቅጠል ወይም ፍሬ የለም። ኤኤምኤች ያወጣል እያሉ የሚሸጡልሽን ገንዘብሽን ደብቂያቸው። የሚሠራው የጎደለውን ሆርሞን መተካት ነው፦ ኢስትሮጅን፣ ማሕፀን ላላት ሴት ከፕሮጀስትሮን ጋር፣ አብዛኛውን ጊዜ ተፈጥሯዊው የማረጫ ዕድሜ እስኪደርስ፣ 50 አካባቢ ድረስ። ከሌለ አጥንት ይሳሳል፣ ልብና ደም ሥርም ይጎዳል። «ሆርሞን ካንሰር ያመጣል» የሚባለው ፍርሃት ባብዛኛው በፈረንጆቹ 2002 ከወጣ የአሜሪካ ጥናት የመጣ ነው፤ እዚያ የነበሩት ሴቶች ግን በአማካይ 63 ዓመታቸው ነበር። ለ33 ዓመት ሴት መስጠት ትርፍ መጨመር ሳይሆን ሰውነቷ ሊያመርተው የሚገባውን መመለስ ነው። የጡት ካንሰር የነበረባት ግን ጉዳዩ ሌላ ስለሆነ ከሐኪሟ ጋር ትመክር። የአጥንት ጥግግት መለኪያና የቫይታሚን ዲ ምርመራም ጠይቂ።

አንድ ነገር አትርሺ፤ ይሄ ሆርሞን መከላከያ አይደለም። መውለድ የማትፈልጊ ከሆነ መከላከያ ያስፈልግሻል። መውለድ የምትፈልጊ ከሆነ ደግሞ ጊዜ ሳትፈጂ ወደ መካንነት ስፔሻሊስት ሂጂ፤ አዲስ አበባ ላይ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመንግሥት ማዕከል አለው፣ የግልም አሉ። ስትሄጂ ወረቀቶቹን ሁሉ፣ የድሮውንም፣ ከመደበኛው መስመርና ከቀኑ ጋር ይዘሽ ሂጂ። ቁጥሩን ብቻ ቆርጠሽ ፎቶ አታንሺ፤ ብዙ ሰው እንዲህ ያደርግና መለኪያው ሳይታይ ይቀራል።

ከመሄድሽ በፊትም እናትሽን በስንት ዓመቷ እንዳረጠች ጠይቂያት። እንዲህ ያለው ነገር በቤተሰብ ይሄዳል፣ እኛ ቤት ደግሞ አይወራም። አንዷ ልጅ ጎማው ክንዷ ላይ ታስሮ ሳለ ይሄን ስጠይቃት አላውቅም አለችኝ። ጎማውን ፈታሁላት። ስልኳን አውጥታ ደብረ ብርሃን ያለችውን እናቷን ደወለች፣ ድምፁን ከፍ አድርጋ ከፍታዋለች፣ ሁለታችንም እንሰማለን። እናትየው ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «እኔማ በ38 ነው የቀረብኝ» አሉ። «አክስትሽም እንደዛው። ማን ጠይቆኝ ልናገር?»